ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ

ወንድሜ የፈረመው ውል አንድ ገጽ ነበር። አሥረኛ ክፍል ስለነበርኩ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሥራው ደብረ ታቦር መውጫ ላይ ባለ የእህል መጋዘን መጫንና ማውረድ ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲኖር በስልክ ይጠራል፤ ባልተጠራበት ቀን ክፍያ የለውም፤ ካልተመቸው አልመጣም ማለት ይችላል ይላል።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አለኝ። እኔም ክፋቱ አልታየኝም።

ከእብናት የሚመጣ መኪና መቼ እንደሚገባ አይታወቅም። ሲገባ ሃያ ሰው ይፈልጋሉ፤ ካልገባ ማንንም አይፈልጉም። ስለዚህ አርባ ሰው አስፈርመው እቤቱ ያስቀምጡታል። አልመጣም ያለውን አያባርሩትም። ዝም ብለው አይደውሉለትም። አንድ ጎረቤታችን ለልጁ ክርስትና ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሁለት ወር ዝም አለ።

ወንድሜ ይህን አይቶ ከስልኩ አልራቀም። እቤት ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ የሚይዘው አጥሩ ጥግ ነው። እዚያ ተቀምጦ ይውላል። በሳምንት አንዴ ቢጠሩት ነው። ጤፍ ሲደርስ ታች ማሳው ላይ ስልክ ስለማይሠራ ወንፈል አልሄደም። እሱ ያላጨደላቸው ሰዎች የእኛን ሊያጭዱ አልመጡም። እናታችንና እኔ ብቻችንን አጨድን።

አንድ ሽማግሌ ባለፉ ቁጥር ይስቁበታል። «ምነው ልጄ፣ ቤተ መንግሥት ሊጠሩህ ነው?»

«ይሳቁ አባባ። የጠሩኝ ቀን አንቱንም አሾማለሁ።»

ኅዳር ላይ አተኮሰው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችው። ስልኩን ይዤ አጥሩ ጥግ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ተደወለ።

«እሱስ?» አለ የመጋዘኑ አለቃ።

«ተኝቷል።»

«ይመጣል አይመጣም?»

አሞታል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የዚያ ጎረቤታችን ስልክ ትዝ አለኝ።

«ይመጣል» አልኩ።

ስነግረው አልተቆጣኝም። ጋቢውን አስቀምጦ ጫማውን ፈለገ።

«የዛሬን ተው ልጄ» አለችው እናታችን።

«ይመጣል ተብሏል፣ እማዬ።» ማን እንዳለ አልነገራትም።

ውርጭ ነበር። ሲመለስ አክታው ደም ነበረው። ሆስፒታል የሳንባ ምች ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። በአራተኛው ቀን አረፈ።

አለቃው ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ እናታችን አጠገብ ተቀመጠ። «እኛ እኮ አላስገደድነውም፣ እማማ። አልመጣም ማለት ይችል ነበር፤ ውሉ ላይ አለ።»

እናታችን ወደ እኔ ዞረች። «እውነት እንደዚያ ይላል?»

«ይላል።»

«ታዲያ ለምን ሄደብኝ?»

አለቃው አየኝ። ድምፄን በስልክ ሰምቷል። ነፍስ ይማር ብሎ ተነሣና ወጣ። እናታችን ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።