ጣሪያ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ያወጣሁት እርም

ይህ የሆነው አምና፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። እስካሁን ያናድደኛል፣ ያስለቅሰኛልም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሰናይት አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ ኦፍ ስትሆን «እማዬ፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ላሳይሽ» ብላ በመኪና ወሰደችኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ ወደ ደቡብ ራቅ ያለ ገጠር። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ስንደርስ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ የተሠራ የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። ጣሪያ የለውም። ቀዩ ጡብ እንዳይወድቅ በብረት ተደግፏል፤ ቅርስ ስለሆነ ግቢው ታጥሯል። ውስጥ የአንድ ቄስ መቃብር አለ። ሰው እንዳይረግጠው ዙሪያውን ገመድ ተደርጎለታል፤ ድንጋዩ ላይ የአበባ ጉንጉን ተቀምጧል። እኔም ግድግዳውን ተሳልሜ ገባሁ።

አስጎብኚው ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ ነው። ከጎብኚዎቹ መካከል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ እኩያዬ ትሆናለች። ቢጫ አበባ ይዛ ብቻዋን ነው የመጣችው። አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቀችው።

ሰናይት ተረጎመችልኝ። «ባሪያ የነበሩት ሰዎች የት ነው የተቀበሩት እያለች ነው። የአያቷ ቅድመ አያት ይህን ጡብ ከሠሩት አንዷ ናት። ክርስትና የተነሳችውም እዚሁ ነው አለች።»

አስጎብኚው ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሣር አሳያት። ጎብኚ ምሳ እንዲበላ ጠረጴዛ የተደረደረበት ቦታ ነው። ተቆፍሮ ስላልተረጋገጠ ምልክት አልተደረገበትም አላት። አበባዋን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ከለከላት። በቅርሱ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመጥም፣ ከአጥሩ ውጭ አስቀምጪው አላት። በትሕትና ነው ያላት፤ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

«ለቄሱ አበባ ተቀምጦለት የለም እንዴ? ጠይቂልኝ» አልኳት ሰናይትን።

«እማዬ ፕሊስ፣ ሩል ነው።»

«ሩሉ ቄስ ሲያይ ይተኛል? ጠይቂው አልኩሽ።»

ጠየቀችው። የቄሱን አበባ የሚያስቀምጠው ቅርሱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው አለ።

«እንግዲያው ለእሷም መሥሪያ ቤቱ ያስቀምጥላት» አልኩ። ሰናይት ይህን አልተረጎመችውም፤ አቀረቀረች።

ሴትዮዋ አበባዋን እንዳቀፈች ሣሩን እያየች ቆመች። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው መጣብኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወስደው ገደሉት። የት እንደቀበሩት አልተነገረንም፤ ማልቀስም ተከልክለን ነበር። እናታችን ድምጿ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው። እርማችንን ሳናወጣ ቀረን።

ሄጄ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋንም እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። የአያቷ ቅድመ አያት ስም ማን ነበር ብዬ በሰናይት አስጠየቅኳት።

«ሬቸል» አለች።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ሬቸልዬ፣ ሬቸልዬ» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ሳንድዊች ሲበሉ የነበሩ ባልና ሚስት ምሳቸውን ሰብስበው ተነሱ። አስጎብኚው ባርኔጣውን አወለቀ። ስታፍርብኝ የነበረችው ሰናይትም መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

ለቅሶው ሲያበቃ አበባው ይፈቀዳል ብዬ ነበር። አልተፈቀደም። ሴትዮዋ ከአጥሩ ውጭ፣ መኪና የሚቆምበት ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

ሰናይት መኪናዋን ልታመጣ ስትሄድ ሴትዮዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ያለቀስኩት ለሬቸል ብቻ እንዳልሆነ ልነግራት ፈለግሁ። የማይገባኝን ምስጋና መውሰድ አልወድም። እንግሊዝኛ ግን የለኝም። ደረቴን ነክቼ «ጌታቸው፣ ብራዘር» አልኳት። ፊቴን አየችና ቀስ ብላ «ጌታቸው» አለች። አጠራሯ ጠማማ ቢሆንም ስሙን ነው የጠራችው።

ካለቀስኩ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። በሰው አገር፣ በሰው ሙት ላይ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ድምፄን አውጥቼ ለወንድሜ አለቀስኩ። እናቴ ይህን ሳታገኝ ሞተች። እኔ አግኝቼው እሷ መቅረቷ ፍትሕ አይደለም፤ ለማን አቤት እንደምልም አላውቅም።