እማማ ተዋቡ ያላሉት ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ ተዛውሮ የመጣ ሰው ስለሆነ በአቅራቢያችን ዘመድ የሚባል አልነበረንም፤ ለእናቴ ዘመድ የሆኗት አብረዋት ስፌት የሚሰፉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ያኔ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ አክርማቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ወስፌያቸውን ይዘው በእማማ ተዋቡ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር። አንዷ ሰፌድ፣ አንዷ ሙዳይ ትጀምራለች፤ ከሰፈሩ የምትዳር ልጅ ስትኖር ደግሞ ሁሉም የየራሳቸውን ትተው አንድ ትልቅ ሞሰብ በየተራ ይሰፋሉ። እኔ ከእናቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ቀለም የገባውን አክርማ ከነጩ እለያለሁ። ከግቢው ጥግ ኩበትና የደረቀ ደንገል ይጨሳል፤ ቢንቢ ለማባረር ነው። ጭሱ ያስለቅሰናል፤ ግን ከሐይቁ የሚመጣው ቢንቢ ከጭሱ ይብስ ስለነበር ማንም አያማርርም።

እማማ ተዋቡ ሐይቁ ዳር ተወልደው ሐይቁ ዳር ያረጁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ ባላቸው ሲሞቱ ሙያው ወደ አንድ ልጃቸው ወደ አበጀ ተላለፈ። እማማ ራሳቸው የደንገል ምንጣፍ ይሠራሉ፣ ስፌታቸውንም የሚያደንቅ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በተረታቸው ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ተመዘገቡ። ሌሎቹ ሴቶች ስማቸውን መጻፍ ሲችሉ ትምህርቱን ተዉት፤ እማማ ተዋቡ ግን ደብተር ገዝተው ተረት መጻፍ ጀመሩ። ከእናታቸው የሰሙትን ብቻ አይደለም፣ ራሳቸው የፈጠሩትንም ጭምር። ፊደላቸው የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ አንዱ ተረት ብቻውን ብዙ ገጽ ይፈጅባቸዋል።

ጀንበር ስትጠልቅ ፋኖሱ ይለኮሳል። «እስኪ ትናንት የጻፍሁትን ስሙኝና ፍረዱ» ይላሉ፤ ደብተሩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው ያነባሉ። አንዳንዴ አንድ ቃል ላይ ይቆሙና «ይች አልጣመችኝም» ብለው እዚያው በእርሳስ ይሰርዟታል።

«ኧረ እማማ፣ ጥሩ ነበረች እኮ!» ትላለች እናቴ።

«ለጆሮሽ ጥማሽ ይሆናል፤ ለተረቱ ግን ትርፍ ናት» ይሏታል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ከዚያ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ወደየቤቱ ይገባል። ያኔ ከዚያ ግቢ የበለጠ ደስ የሚል ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ አበጀ መራዊ ገበያ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ እርጥብ ደንገል ተሸክሞ ሲገባ ከትከሻው ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ሴቶቹን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ሰላም የሚል ልጅ ነበር። ማታ አብሮት አውቶቡስ ላይ የነበረ ሰው መጥቶ ነገራቸው፦ መንገድ ላይ አፈሳ ነበር፤ ወጣቶቹን ከአውቶቡሱ አውርደው በጭነት መኪና ወስደዋቸዋል፤ ለብሔራዊ ውትድርና ነው። እማማ በማግሥቱ ቀበሌ ሄዱ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አሉ። አንድ ካኪ የለበሰ ካድሬ፣ «እናት አገር ከእርስዎ ትበልጣለች፣ እናቴ» ብሎ በትሕትና አሰናበታቸው። ይህን ለሴቶቹ ሲነግሩ አላለቀሱም፤ የሚያስቸግራቸው «እናቴ» ማለቱ ይመስል ያችን ቃል ብቻ ሁለት ጊዜ ደገሟት።

አንድ ወር ያህል ከቤት አልወጡም። ሴቶቹ ግን እየመጡ በግቢያቸው ይሰፉ ነበር፤ ቢያንስ ድምፃችንን ይስሙ በማለት። አንድ ምሽት በሩ ተከፈተና እማማ ደብተራቸውን ይዘው ወጡ። «አዲስ ጽፌያለሁ» አሉ።

ተረቱ እንዲህ ነበር። አንድ ጉማሬ ከጣና ወጥቶ ሐይቁ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች «አዞ ሊመጣባችሁ ነው፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ» አላቸው። ሰዎቹ በጣና አዞ አይተው አያውቁም፤ ግን ጉማሬው ትልቅ ነበርና አመኑት። ለጥበቃው መጀመሪያ የጓሯቸውን ጎመን ጠየቃቸው፣ ሰጡት። ቀጥሎ ታንኳዎቻቸውን ጠየቃቸው፣ ሰጡት። በመጨረሻ አዞውን አብረውት የሚጠብቁ ልጆች ከየቤቱ አንድ አንድ ይሰጡት ዘንድ ጠየቀ። ልጆቹም ተከትለውት ወደ ውኃው ገቡ፤ አንዱም አልተመለሰም። ያን ጊዜ አንዲት እናት ውኃው ዳር ቆማ ጉማሬውን ጠራችው። «ልጄን የወሰድህበትን አዞ አሳየኝ፤ ሌላው ቢቀር ጥርሱን አሳየኝ» አለችው። ጉማሬውም «ጥርሱንስ ላሳይሽ» ብሎ አፉን ከፈተ። እናትየዋም አየች፤ ዝም አለች።

እማማ ደብተሩን ዘጉ። የሳቀ የለም። የወስፌው ድምፅ እንኳ ቆሞ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ደብተር ሰው የማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት» አለች እናቴ ዝቅ ብላ።

«ተረት እኮ ነው» አሉ እማማ ተዋቡ።

እኔ ተረቱን በአንድ መስማት ሸመደድሁት። የሴቶቹን ፍርሃት አላየሁም፤ ያየሁት ሁሉም ስፌታቸውን አቁመው ማዳመጣቸውን ነው፤ እንዲያ የሚደመጥ ነገር መናገር አማረኝ። ዕድሉም ቶሎ መጣ። በትምህርት ቤታችን ለበዓል ዝግጅት ሲደረግ መምህራችን ተረት የሚናገር ልጅ ይውጣ ሲል ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ከፊት ወንበር ከተቀመጡት እንግዶች መሐል ያ ካኪ ለባሽ ካድሬ ነበረ። ተረቱን ስናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ጉማሬው አፉን ከፍቶ እናትየዋ ዝም ያለችበት ቦታ ስደርስ ግን እዚያ ላይ ማቆም አልሆነልኝም፤ ማንም እንደማያጨበጭብልኝ ታወቀኝ። ስለዚህ ጣቴን ወደ ፊት ቀስሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አዞው አንተ ነህ!» አልሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጣቴ የተቀሰረው ወደ ፊተኛው ወንበር እንደነበር ያስታወስሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዝግጅቱ በኋላ ካድሬው ጠርቶ ራሴን ዳሰሰኝ። ፈገግ ብሎ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ! ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እማማ ተዋቡ!» አልሁ በኩራት። «ደብተር ላይ ጽፈውታል።»

በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ እየሰፉ ሳለ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ወደ ግቢው ገቡ። «ደብተሩን ያምጡ» አላቸው አንደኛው። እማማ ሴቶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ማን እንደ ተናገረ ለማወቅ ይሁን፣ ለመሰናበት፣ አላውቅም። እኔን ሲያዩኝ መሬት መሬት አየሁ። ደብተሩን ከተቀመጡበት ምንጣፍ ሥር አውጥተው ሰጡት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና በመሐላቸው ሆነው ወጡ። ኩበቱ ጥግ ላይ ይጨስ ነበር፤ ያን ቀን ያጠፋው ሰው መኖሩን አላስታውስም።

ማታ እናቴ በሩን ዘግታ ትምህርት ቤት ምን እንደ ተናገርሁ ጠየቀችኝ። ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመርሁላት። መጨረሻው ላይ ደርሼ ያችን ቃል ስናገር በመዳፏ አፌን ከደነችው፤ መዳፏ የስፌት ቀለም ይሸት ነበር፣ በጣም ስለጫነችው ጥርሴ ከንፈሬን ቆረጠው። አባቴ ተነሣና የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየቀኑ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ስንቅ ትወስዳለች፤ ዘበኛው ምግቡን ተቀብሎ ባዶውን ዕቃ ይመልስላታል፤ እማማን አንድም ቀን አላሳያትም። በግቢው መሰብሰብ ቀረ። እያንዳንዷ ሴት በየቤቷ፣ በሯን መልሳ ትሰፋ ጀመር። ያኔ ሰፈራችን ሳል እንኳ የማይሰማበት ሰፈር ሆነ። እኔን የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ ነገር ግን ወደ አንድ ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል፤ ዐሥር ዓመት ለሞላት ልጅ ትልልቅ ሰዎች መጠንቀቃቸውን ማየት ከዱላ ይከብዳል።

እማማ ተዋቡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ተለቀቁ። ከስተዋል፤ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ሲፈታ ሦስቱ ጣቶቻቸው አይታጠፉም ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ «ወደቅሁ» ይላሉ። ወስፌ መያዝ አልቻሉም፣ እርሳስም አልቻሉም።

እናቴ ወደዚያ ቤት እንዳልሄድ ከልክላኝ ነበር። አንድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ሮጬ ሄድሁ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው ቆሜ፣ «እማማ፣ እኔ ነኝ የተናገርሁት» አልሁ።

«አውቃለሁ። ሰውየው ራሱ ነገረኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት አለኝ።»

አለቀስሁ። ዝም በይ አላሉኝም፣ አላባበሉኝምም፤ እስኪበቃኝ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ «እስኪ እንዴት አድርገሽ እንደ ነገርሻቸው ንገሪኝ» አሉ።

«አልችልም፣ እማማ።»

«ንገሪኝ እንጂ። እዚህ ማንም የለ።»

ነገርኋቸው። «አዞው አንተ ነህ» የምትለው ላይ ስደርስ ጤነኛ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ይህን ማን አለ?»

«እናትየዋ።»

«እናትየዋ ምንም አላለችም። አየች፤ ዝም አለች። እንዲያ ነው የጻፍሁት።»

«እንዲያጨበጭቡልኝ ብዬ ነው» አልሁ።

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። «እነሱም ይችን አንዲት ቃል ነው ደጋግመው የጠየቁኝ» አሉ። «አላልሁም፣ አልጻፍሁም አልኋቸው። ደብተሩ በእጃቸው ነው፣ ቃሉ እንደሌለ ያያሉ፤ ‹ታዲያ ልጅቷ ከየት አመጣችው? ከአባቷ ነው?› ይሉኛል። አባትሽን ሊጠሩት ነበር። ስለዚህ አዎ፣ እኔ ነኝ ያልሁት አልኋቸው።»

የተናገሩት እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ያኔ፣ ልጅም ብሆን፣ የማይታጠፉትን ጣቶች አየሁና ገባኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክርናቸው ከለከሉኝ።

«ተይ። አሁን እንደገና ንገሪኝ፤ በትክክሉ።»

እንደገና ነገርኋቸው። ጉማሬው አፉን ከፈተ፣ እናትየዋም አየች፣ ዝም አለች ብዬ አቆምሁ።

«እንዲያ» አሉ።

አበጀ አልተመለሰም፤ ሞተም ጠፋም ብሎ የነገራቸው የለም። በዓመቱ እማማ ተዋቡ ቤታቸውን ለቀው ይፋግ ወዳለው ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። መሄዳቸውን ያወቅነው በሩ ላይ ቁልፍ ስናይ ነው። ደርግ ከመውደቁ በፊት እዚያው እንደ ሞቱ ሰማን፤ እናቴ ለቀብሩ አልደረሰችም።

ዛሬ ያን ሳስብ ከሁሉ የሚከብደኝ ያ የልጅነት ጭብጨባ አይደለም። ደርግ ወድቆ ሰው አፉን ሲፈታ፣ በሕይወት የነበሩት የስፌት ሴቶች የእማማ ተዋቡን ነገር በየለቅሶውና በየሠርጉ ማውራት ጀመሩ። ያን ምሽት የሰሙት ተረት በዝምታ ማለቁን ዘመኑ አስረስቷቸዋል፤ የቀራቸው ቀበሌው «አምናለች» ብሎ ያስወራው ነው። እናቴም፣ ያችን ቃል ከእኔ አፍ መስማቷን ረስታ ይሁን እኔን ለመሸፈን፣ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ታወራው ነበር። «ያችን የመሰለች ደፋር ሴት የለችም» ትላለች፤ «አዞው አንተ ነህ ብላ ጽፋ፣ አዎ ብያለሁ ብላ ፊት ለፊት የመሰከረች!» ሰሚዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፤ ልጆች ያችን ቃል በእሳቸው ስም ይደግሟታል። እማማ ቢጽፏት ኖሮ ትርፍ ናት ብለው ይሰርዟት የነበረች ቃል አሁን በሰው ሁሉ ዘንድ መታወሻቸው ሆናለች። ዛሬ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቻለሁ፤ ግን ሰዎቹ እማማን የወደዷቸው በዚያች ቃል ነውና፣ ብነጥቃቸው ምን እንደሚቀራቸው አላውቅም። ስለዚህ አብሬያቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ እስከ ዛሬም አላረምኋቸውም።