በሁለት እንሰት ቦታ መቶ በለስ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የበለስ፣ የቁልቋሉ ሳይሆን የዛፉ፣ ወሬ ከተነሳ አፉ አይዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁትም። ቦንጋ የሒሳብ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ ገና ሳይታይ ነው። የተከራየሁት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበር። ከሻንጣዬ ጋር፣ እናቴ ጓሮ ካለችው በለስ የተቆረጠች አንዲት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ መጥቻለሁ።

«ስንት ታፈራለች?» አሉኝ አከራዬ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ካፋ ውስጥ የጓሮ መሬት የእንሰት ነው፤ የሴት ሙያዋ የሚታየውም በእንሰቷ ነው። እኔ ደግሞ ጠመኔ የያዝኩ ይመስል አሰላሁላቸው። በለስ በሙቅ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ትሰጣለች፤ መጀመሪያ በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት፣ ቆይታ በአዲሱ ላይ ብዙ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም፣ በሁለተኛው እፍኝ፣ በሦስተኛው ግን መቶ። «መቶ፣ እትዬ!» አልኩ። ቦንጋ ድሬዳዋ አለመሆኑ በዚያ ሰዓት ትዝም አላለኝ።

እሳቸው መቶውን አምነው አራት ዓመት ያሳደጓቸውን ሁለት እንሰቶች ነቀሉ።

በለሷ አደገች። እንዴት ያለ እድገት! ቅጠሏ ሰሃን አከለ፣ ቁመቷ የቆርቆሮውን ጠርዝ አለፈ። ሁለተኛው ዓመት እፍኙን ሳያሳየን አለፈ። ሦስተኛው ክረምት ሲወጣም ቅጠል ብቻ ነበረች። ትምህርት ቤት ውስጥ በግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ «መምህሩ ስለ በለሷ ግለ ሂስ ያውርድ» ሲል ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። በእኔስ ይሳቅብኝ፤ የከፋው የአከራዬ ነው። የአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው «እንሰት ነቅላ ቅጠል ተከለች» እያሉ ለገበያው ሁሉ አወሩ። ከገበያ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እየተጫወቱ ይመለሱ የነበሩት ሴት ብቻቸውን መመለስ ጀመሩ። አንድ ቀን አይኔን ሳያዩ «በዚህ በጋ ካላፈራች እነቅላታለሁ፤ ዝናቡ ሲገባ እንሰቴን እመልሳለሁ» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

ለእናቴ ጻፍኩ። መልሷ አጭር ነበር፦ «ምን እያበላችኋት ነው? እኔ በአሸዋ ላይ ትቻት ከልብስ እጣቢ በቀር የሰጠኋት ነገር የለም።»

በማግስቱ ጠዋት በመስኮት አየሁ። አከራዬ እንደ ወትሯቸው እበት በቅርጫት ተሸክመው ወጡ። ለእንሰቶቹ አንድ በአንድ አደሉ፤ በመጨረሻ በለሷ ሥር ቆሙና ከሁሉም አብልጠው ደፉላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያየሁ «እንዴት ያሉ ታታሪ ሴት!» ስል ኖሬአለሁ። የሒሳብ መምህር!

«እትዬ፣ እባክዎ ለበለሷ እበት አይስጧት፤ ስትጠግብ ቅጠል ብቻ ነው የምታወጣው» አልኩ።

«እንግዳ ናት» አሉኝ ተቆጥተው። «እንግዳ አስርቤ ምን ልባል?»

የተከለከሉ መስለው ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ። እኔ ሥሯን ቆፍሬ ፍጉን አወጣሁ፣ ከወንዝ አሸዋ በጆንያ ተሸክሜ ሞላሁ፣ ፀሐይ የከለለባትን የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። በማግስቱ አሸዋው ላይ ትኩስ እበት፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ አገኘሁ። ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ነበር። አንድ ሳምንት እሳቸው ሲደፉ እኔ ስጠርግ ከረምን። በመጨረሻ ትዕግስቴ አለቀና የእናቴን ደብዳቤ አምጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ። «ይሄን እናትህ ናቸው ያሉት? ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? አንተ የጠመኔ ሰው ነህ፤ እሳቸው ግን ጓሮ አላቸው።»

ከዚያ ወዲያ እበት አላየሁም። ቅጠሏ በጠርዙ ቢጫ ሲሆን ግን አከራዬ በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔም ጨንቆኛል፤ ብትሞትስ?

ጥር ላይ በቅጠሎቹ ብብት ሥር አረንጓዴ ጉብጉብ ነገር አየሁ። በአንዱ፣ በሌላው፣ በሁሉም! እንደ ልጅ እየጮህኩ ግቢውን ዞርኩ። በለስ በአንድ ቀን አይበስልም፤ ዛሬ ሦስት፣ ነገ አምስት ነው። ስለዚህ አከራዬ ለተለቀመው ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጀንፈል ቡና ቅል ውስጥ ይጥሉ ጀመር። እንድቆጥር ግን አልፈቀዱልኝም። «ሒሳብህን አይተናል» አሉኝ።

መጋቢት ውስጥ የመጨረሻዋ ፍሬ ስትለቀም የአጥሩን ማዶ ጎረቤት ጠርተው አስቀመጧቸው። ቅሉን ሰፌድ ላይ ገለበጡና በካፊኛ መቁጠር ጀመሩ፤ እኔ በልቤ በአማርኛ እከተላለሁ። ዘጠና ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። መቶ ላይ ቆም ብለው ጎረቤታቸውን አዩ። ከዚያ አራት ጀንፈል ቀረች።

«መቶ አራት!» ብዬ ዘለልኩ። በሕይወቴ ብዙ አላሸነፍኩም፤ ያን ቀን ግን አሸነፍኩ፣ ደስታዬም ወደር አልነበረውም። አከራዬ ያቆዩትን አራት በለስ ለጎረቤታቸው አቀረቡ፤ «ትርፏ የአንቺ ነው» አሉ። ጎረቤቲቱ አንዷን በሉ፣ ሁለተኛዋን በሉ፣ ስለ ቅጠል ምንም አላሉም። ሌላውን ዙር እንደ ድሬዳዋ አላገኘነውም፤ ዝናቡ ገብቶ ገና እንቡጥ ሳለ አረገፈው። ለቦንጋ አንዱ ዙር በቃን።

በቆጠራው ማግስት ጠዋት ግን የዶማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ አከራዬ እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ሆኖ አዲስ ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል፤ ሦስተኛ እንሰት ተነቅሎ ጎናቸው ተጋድሟል።

«ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ» አሉኝ።

የእበት ቅርጫታቸውን አየሁት። የሞላው አሸዋ ነበር።