የልብስ ሰፊዋ ፎቶ

ሰፈሩ የሚጠራው «ፍላሽ» እያለ ነው። እንደ አባቱ ፎቶ አንሺ ነው። አባትየው ጥሩ የወጣላቸውን ፎቶ ማንንም ሳይጠይቁ የሱቁ መስታወት ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ባለፎቶው ራሱን ሲያይ ደስ ይለዋል እንጂ የከሰሳቸው የለም። ፍላሽም ድረ ገጽ ሲከፍት ያው የአባቱ መስታወት መሰለው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ጠበቃ እህቱ አስቀድማ ነግራው ነበር። «ፎቶው ያንተ ነው፤ ፊቱ ግን የሰውየው ነው። ለማስታወቂያ ከማውጣትህ በፊት አስፈቅድ፣ አስፈርም» ብትለው፣ ደንበኛዬን በወረቀት ላባርር ነው ወይ ብሎ ሳቀባት።

ድረ ገጹ ላይ ከሁሉ በላይ ያወጣት ጎረቤቱን ልብስ ሰፊዋን ነው። ለመታወቂያ ልትነሳ መጥታ፣ ልጇ አስቋት ሳለ ያነሳት ነው። ከሥሩ የሱቁን አድራሻ አሳምሮ ጻፈበት።

እሷ ወሬውን ከደንበኛ ሰምታ መጣች። ተቀመጪ ቢላትም በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«ወንድሜ፣ ያንን ፎቶ አጥፋልኝ።»

«ምነው? አምሮብሽ የለ እንዴ?»

«የልጄ አባት እንዳያየው ነው። ገድያታለሁ ብሎ ነው ጥሎኝ የሄደው።»

ፍላሽ ክው አለ። እዚያው ፊቷ አጠፋው። ለካ ፎቶውን ሌሎች ገጾች አድራሻውን ጨምረው ቀድተውታል። እህቱ እንዳለችው ባለቤትነቱን ጠቅሶ አውርዱልኝ ብሎ ጻፈላቸው። አንዱ አወረደ፤ ሌላው መልስም አልሰጠው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከዚያ ወዲያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብሎ ያይ ጀመር።

ሰውየው የመጣው አንድ ቀን ጠዋት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ትሑት፣ በእጁ አዲስ የሕፃን ጫማ ይዟል። ስልኩን ዘረጋለት።

«ወንድም፣ ይቺ ባለቤቴ ናት። የት ነው የማገኛት?»

ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋ ይንጣጣል። ፍላሽ መንገደኛ ናት፣ ተነስታ ሄደች አለው። ሰውየው ጆሮውን ወደ ግድግዳው ጣል አደረገ፤ ወይም ለፍላሽ እንደዚያ መሰለው። ከዚያ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ብትመጣ ስጥልኝ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ፍላሽ ጫማውን ይዞ በጓሮ በር ወደ እሷ ሮጠ። ጫማውን ስታይ ማን እንደመጣ ገባት። ጫማው ለልጇ ድሮ ነበር የሚሆነው፤ አሁን ይጠበዋል። ጨርቁን ከነመርፌው ትታ ልጇን አነሳች።

«የት ላድርስሽ?» አላት።

«አንተ ባታውቅ ይሻላል» አለችው።

በነጋታው ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። የት ናት ብሎ ክንዱን ያዘው። ፍላሽ አላውቅም አለ፤ እውነቱን ነው። የሰውየው ጣቶች ክንዱን እያጠበቁ ሲሄዱ ግን፣ ቢያውቅ ኖሮ እንደሚናገር ለራሱ ገባው።