አከራዬ የሰቀሉት ሥዕል

“ቤት ልለቅ ነው” ካልኳቸው ቀን ጀምሮ አከራዬ አኩርፈውኛል። ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱም። ቀጨኔ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ክፍሌንና ክፍላቸውን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሳይመርቁኝ ወደ ሸጎሌ መሄዱን ሆዴ እንቢ አለኝ።

ስለዚህ በጽዳት ላባብላቸው ቆረጥኩ። ዕቃዬን ግቢ አወጣሁ፤ የሸረሪቱን ድር አራግፌ ወለሉን በበረኪና ፈተግኩት። እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ባልዲዬን ይዤ ባለፍኩ ቁጥር “እማማ፣ ይሄ ቤት እኮ ሊያበራ ነው!” እላለሁ። ከምስሩ ቀና አይሉም።

የቀረኝ ግድግዳው ነበር። እዚያ ላይ ራሳቸው የሰቀሉት ትልቅ የመድኃኔዓለም ሥዕል አለ። ቤቱን የተከራየሁ ዕለት “ይህን እንዳትነካ፣ ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው” ብለውኛል። እኔም ነክቼው አላውቅም፤ ምክንያቱም እማማን እፈራቸዋለሁ። አንድ የሁዳዴ ማታ ተደብቄ እንቁላል ብጠብስ፣ ጠዋት “ሕልም አየሁ፤ አንዲት ዶሮ ከክፍልህ እያለቀሰች ስትወጣ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጾም አልገደፍኩም። ቅድስናቸውንም ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

“ይቅር በለኝ” ብዬ ሥዕሉን አወረድኩ። ከኋላው ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ! ጎንበስ ብዬ ባጮልቅ የእማማ አልጋ ታየኝ። ለካ ሕልሙ የሚመጣላቸው በዚህ ነው! ሳቅ አፈነኝ። በስልክ ያወራሁት፣ ብቻዬን የዘፈንኩት ሁሉ ትዝ ሲለኝ ግን ጆሮዬ ጋለ፤ ተናደድኩም።

ጄሶ አቡክቼ መድፈን ጀመርኩ። “ዶሮዋ ከእንግዲህ በየት ትወጣ ይሆን?” እላለሁ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ።

ለካ ወደ ክፍላቸው ገብተው ኖሯል። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የናፈቀኝ ድምፅ በቀዳዳው መጣ።

“ተወው ልጄ፣ አትድፈነው።”

“ለሚመጣው ተከራይ ይቆይልዎት እንዴ?” አልኩ፣ ሹፈቴን ሳልጨርስ።

“እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ አንተ ስታንኮራፋ ነው። ሰው አለ እላለሁ። የሚመጣው ማንኮራፋት ይችል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?”

ጄሶውን መሬት አስቀመጥኩ።

“በል ራስህን አስጠጋ” አሉኝ። ግንባሬን ግድግዳው ላይ ደገፍኩ።

“ሌሊት ሲያምህ የሚሰማህ ጎረቤት ይስጥህ” ብለው በቀዳዳው መረቁኝ። “አሜን” አልኩ፣ አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ።