አመድ ውስጥ የበረደው ብርጭቆ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ የኒውክሌር ዝቃጭን ከብርጭቆ ጋር አቅልጠን እናረጋዋለን፤ መርዙ እዚያው ታስሮ ይቀራል» ስትለኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «እኔም እኮ አድርጌዋለሁ! ላሊበላ!» አልኳት። ሳቀች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ እንዲህ ስትል ማን ያምናል?

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወሩ ጥቅምት፣ ገብሱ የሚያሸትበት። ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኤግዚቢሽን አሰናዳ፤ አንደኛ የወጣ ወልድያ ሄዶ ይወዳደራል። ወልድያ! ከጋሸና ወዲያ አይቼ ስለማላውቅ እንቅልፍ አጣሁ። መምህራችን ብርጭቆ ሲቀልጥ ሌላ ነገር በውስጡ ይዞ መቅረት እንደሚችል ነግረውናል። የባትሪ ድንጋይ ጥቁር ዱቄት ደግሞ የእናቴን የጎመን መደብ ሲያደርቅ አይቻለሁ። ያን ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ ባስረውስ?

ከሆቴሎቹ ጀርባ የተጣለ የጠርሙስ ስብርባሪ ለቅሜ ወደ ቀጥቃጩ ወደ አያ ሞላ ቤት ገሠገሥኩ። ሰፈርተኛው ማረሻ ያሠራቸዋል እንጂ «ቡዳ ናቸው» እያለ ከቤታቸው ውሃ አይቀምስም። እናቴ ብታውቅ ቆዳዬን ትገፈው ነበር።

ጠርሙሱን ወቅጠን፣ ከዱቄቱ ጋር በሸክላ ማቅለጫ አድርገን ወናፉን ተረባረብንበት። እንደ ማር ሲዝለገለግ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አያ ሞላን ግን ብረት የለመደ እጃቸው ቀደማቸው፤ በጉጠት አንሥተው ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጧ! ብሎ ደቀቀ።

«ይጠነክራል ብዬ እኮ ነው» አሉ አፍረው። ኤግዚቢሽኑ አራት ቀን ቀርቶታል፤ እንባዬ መጣ።

ሸክላ ሠሪዋ ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ከደጃፉ ሳቁ። «አይ እናንተ! ይኸ የሸክላ ወገን እንጂ የብረት አይዶለም። እኔ እንስራዬን ከእሳት አውጥቸ ለብርድ እሰጣለሁ? ትኩስ አመድ ውስጥ ቅበሩት፣ ቀስ ብሎ ይብረድ። አንች ልጅ፣ ነገ ነይ።»

እንደገና አቅልጠን ቀበርነው። በነጋታው አመዱን ስጭር ጥቁር፣ ድፍን፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው ነገር ወጣ! እትዬ ስንዱ የሰጡኝን የባቄላ አሹቅ እየበላሁ ጨፈርኩ። ያልቀለጠው ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲጨመር ወዲያው ያጠቁረዋል፤ የእኔ ብርጭቆ የተነከረበት ውሃ ግን እስከ ኤግዚቢሽኑ ቀን ኩልል እንዳለ ቆየ።

ያን ቀን ዳኛው ብርጭቆዬን አገላብጠው አይተው፣ «ሳይሰነጠቅ ማብረዱን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። እናቴ ከፊት ቆማለች፣ ጎረቤቱም ሁሉ አለ።

«መጽሐፍ ላይ አንብቤ» አልኩ።

አንደኛ ወጣሁ። ዞር ስል እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆመው ኖሯል። ያጨበጭቡልኛል።

ወልድያ ሄድኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉም ሳይንስ አስተማርኩ። ያችን መልስ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረምኳትም። ብርጭቆውን አመድ ውስጥ ቀብሬ እንዳበረድኩት ብቻ በስልክ ስነግራት የእህቴ ልጅ፣ «የኛም እኮ ቀስ ብሎ ካልበረደ ይሰነጠቃል! አንቺ ያኔ ከየት አወቅሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ አስተምረውኝ» አልኳት። ስማቸውን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።