የአቶ ዋቁማ ያልተመለሱ ጥያቄዎች

አቶ ዋቁማ ገለታ በሁሩሙ ወረዳ ምክር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዙ። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነበር፤ ሌሎች ይናገራሉ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ከባዱ ነገር ቃለ ጉባኤ ያዥ የማይናገር መሆኑ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ ዳሪሙ ስለሚወስደው ድልድይ ተጠይቆ ስለ ችግኝ ተከላ ሲመልስ፣ አቶ ዋቁማ እጃቸውን ሊያነሱ አሰቡ። እጃቸው ግን ስለ ችግኙ እየጻፈ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ቤተሰባቸውን ይዘው መቱ ገቡና መጀመሪያ የገዙት ቴሌቪዥን ሆነ። የሸጠላቸው ከቤታቸው ፊት ለፊት የስልክና የዲሽ ሱቅ ያለው የስልጤው ልጅ ሚፍታህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚኒስትሮችን ጠርቶ በሚጠይቅበት ቀን አቶ ዋቁማ ጠዋት ተነሥተው ጢማቸውን ይላጫሉ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ሰማያዊ አንድ ቀይ፣ ይዘው ይቀመጣሉ።

ደብተሩ አራት ዓምድ አለው፤ ጠያቂ፣ ጥያቄ፣ መልስ፣ ውጤት። ውጤት የሚለው በቀይ ይሞላል። "ተመልሷል" ይላል፣ ወይም "አልተመለሰም"፣ ወይም "ተመስግኗል"። የመጨረሻው የራሳቸው ፈጠራ ነው። ሚኒስትሩ ጥያቄውን "ወቅታዊና ተገቢ ነው" ብለው አመስግነው ወደ ሌላ ጉዳይ ካለፉ፣ ተመስግኗል። በደብተሩ ውስጥ ቀዩ ቀለም በብዛት የሚናገረው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ራሱ ለዚህ ያመቻል። እንደራሴዎቹ በተራ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሚኒስትሩ በጅምላ ይመልሳሉ። "አሥር ዶሮ አንድ ላይ ለቅቀህ ስምንቱን እንደ መሰብሰብ ነው፤ ሁለቱ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም" ይላሉ አቶ ዋቁማ። እሳቸው ይጠይቃሉ። ማታ እራት ላይ ሁለቱን ዶሮዎች በስማቸው ይጠራሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ሽብሬ ይህን ለዓመታት ታግሠዋል።

"ዋቁማ፣ የጓሮውን በር መቼ ነው የምትሠራው?"

"ጥያቄው ተገቢ ነው።"

"ተገቢነቱን ላሚቱም ታውቀዋለች፤ ትናንት በእሱ ነው የወጣችው።"

በዚህ ሁሉ የምትረዳቸው የመጨረሻ ልጃቸው ዬሮሳን ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአንድ መድኃኒት ቤት ከሰዓት በኋላ ትሠራለች። ጠዋት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ የጠያቂዎቹን ስም ትይዛለች፤ እሳቸው ጥያቄውን ሲጽፉ ስሙ ያመልጣቸዋልና።

ዬሮሳንን ብሥራት የሚባል የጎሬ ልጅ፣ የመሬት ቀያሽ፣ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ አንድ ጊዜ መመለስ ክብር ነው፤ ሁለት ጊዜ መመለስም ያለ ነው። አቶ ዋቁማ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቀው "መልሱ ዝርዝር ይጎድለዋል" ብለው መለሷቸው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ዝርዝር ይዘው መጡ። "ዝርዝሩ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም" ተብለው ተመለሱ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ገብረ መስቀል ሰባ ዓመት ያለፋቸው የጎሬ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሽማግሌ ደግሞ ለመጣበት ጉዳይ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም። ሁለቱንም ቀን ቆመው ውለዋል። ለብሥራት ቁርጡን ነገሩት፦

"ሦስተኛ እሄዳለሁ። አራተኛ የለም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሴት ወይም ሌላ ጉልበት ፈልግ።"

ብሥራት ይህን በስልክ ለዬሮሳን ሲነግራት አለቀሰች። ከዚያም እንባዋን ጠርጋ መንገዱን ተሻገረችና ሚፍታህን ሽማግሌ እንዲሆን ለመነችው። ጢሙ ገና ጥቁር ቢሆንም ጎረቤት ነው፤ አባቷንም ያውቃቸዋል።

በቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ሚፍታህ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሦስተኛው ከጎሬ የመጡ ጆሯቸው የማይሰማ አዛውንት ናቸው። ለሽምግልና አጥብቀው ይፈለጋሉ፤ ስለማይሰሙ አይቆጡም።

"ጋሽ ገብረ መስቀል፣" አለ ሚፍታህ፣ "እስካሁን የተሸነፉት ቀጥ ብለው ስለመለሱ ነው። ሰውዬው የለመዱት የሚኒስትር መልስ ነው። መጀመሪያ ማመስገን። ከዚያ ጥያቄው ወቅታዊ ነው ማለት። ከዚያ ታሪክ። ከዚያ 'እየተሠራ ነው'።"

"አዎ ወይም አይደለም የምለው መቼ ነው?"

"እሱን አይሉትም።"

"ውሸት ነው እንዴ?"

"አይደለም። ውሸት ለመሆን መጀመሪያ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከረሱ እኔን ይዩኝ፤ ደረቴን ስነካ ምስጋና፣ ወደ ኋላ ስጠቁም ታሪክ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ ዋቁማ ቤት ሲደርሱ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ያን ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ነበር።

"አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ዋቁማ፣" ብለው አቶ ገብረ መስቀል ከደጃፉ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አሉ።

"ነገያ! ግቡ፣ ግቡ! ዝም ብላችሁ ግቡ፤ ስለ ጎረቤት አገሮች እየመለሱ ነው። ተቀመጡ።"

"ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም።"

"እንግዲያው እንዳትጋርዱኝ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ይዘው ቆመው የአገሪቱን የውጭ ፖሊሲ ሰሙ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ዬሮሳን ሽማግሌ ስለመጣ ጓዳ ገብታለች፤ በጠያቂ ዓምድ ላይ አቶ ዋቁማ "ባለ መነጽሩ"፣ "ሌላው ባለ መነጽር" እያሉ ይጽፋሉ። አቶ ገብረ መስቀል ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው አዛወሩ። በመጨረሻ ሚኒስትሩ አንዲት እንደራሴ ወደጠየቁት ጥያቄ ደረሱ፤ በአረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ ዜጎች ሰብአዊ መብታቸው እንዲጠበቅ ምን ተደረገ?

"በመጀመሪያ የተከበሩትን አባል ላመሰግን እወዳለሁ፣" አሉ ሚኒስትሩ። ቀዩ እስክሪብቶ ተዘጋጀ። "ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ከታሪክ ስንነሳ..." እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ። "በተጨባጭ ግን፣ በዚህ ዓመት ብቻ፣ በቁጥር..."

መብራት ጠፋ።

"ሊመልሱ ነበር!" አቶ ዋቁማ ብድግ አሉ። "አያችሁ? ቁጥር ሊናገሩ ነበር እኮ!"

"ኦቦ ዋቁማ፣" አሉ አቶ ገብረ መስቀል፣ "መብራቱ ሄደ እንጂ እኛ አለን።"

አቶ ዋቁማ ጥቁሩን ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አዩ። አዲስ ገጽ ገለጡ።

"ደግ። ጥያቄዎቼን ሰብሰብ አድርጌ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሁለትዮሽ ግንኙነት። ልጄ ከጎሬ ወደ መቱ በወር ስንት ቀን ትመጣለች? ሁለተኛ፣ የልጁ እናት እትዬ ትብለጥ የሰው ድስት ከፍተው እንደሚቀምሱ ሁሩሙ ገበያ ድረስ ይወራል። በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን በተመለከተ አቋማቸው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ሰብአዊ መብት። የልጄ ሐሳብ በዚያ ቤት ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?"

ሚፍታህ ደረቱን ነካ።

"በመጀመሪያ ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ፣" አሉ አቶ ገብረ መስቀል። "ወቅታዊ ነው። ጎሬና መቱ የቆየ ግንኙነት አላቸው። ሚኒባሱም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል።"

"በወር ስንት ቀን?"

"እየተሠራበት ነው።"

አቶ ዋቁማ በቀይ ጻፉ።

"እትዬ ትብለጥስ?"

"የጎረቤትን ሉዓላዊነት ያከብራሉ። ድስቱን የከፈቱት ተጋብዘው ነው።"

"ማን ጋበዛቸው?"

"ሽታው።"

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አቶ ዋቁማ ሳይስቁ ጻፉ። "ሰብአዊ መብት፣" አሉ።

አቶ ገብረ መስቀል ሚፍታህን አዩ። ሚፍታህ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ጠቆመ።

"አዎ። ከታሪክ ስንነሳ... እኔ ራሴ ሚስቴን ሳገባ መብት አልነበረኝም።"

"አሜን!" አሉ የማይሰሙት አዛውንት ምርቃት የተጀመረ መስሏቸው።

አቶ ዋቁማ ደብተራቸውን ከደኑ። "ይህ የሚፍታህ ትምህርት ነው። ሦስቱም አልተመለሱም። ስለዚህ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ..."

አቶ ገብረ መስቀል በትራቸውን አነሡ። "ሌላ ጊዜ የለም። ለልጁ ሌላ ቤት ፈልግ እለዋለሁ። ደኅና ይዋሉ።"

እትዬ ሽብሬ በጓዳው በር ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። አቶ ገብረ መስቀል አንድ እግራቸውን ከደጃፉ አውጥተዋል፤ ሁለተኛው በጉልበቱ ምክንያት ዘገየ። በዚያች መዘግየት ሚፍታህ ተናገረ።

"ጋሽ ዋቁማ፣ አንድ ጥያቄ። ሐሳቧ ይጠየቃል ወይ ብለው ሽማግሌዎቹን ሦስት ቀን አቆሙ። እርስዎ ጠይቀዋታል?"

"ጥያቄው..." አሉ አቶ ዋቁማ፤ "ጥያቄው ተገቢ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። መልሱስ?"

"ከታሪክ ስንነሳ፣ እኔ ይህችን ልጅ በትከሻዬ ይዤ..."

ዬሮሳን ከጓዳ ወጣች። የሽማግሌ ፊት ነውና አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ግን በቀጥታ ሄዳ ደብተሩን ከአባቷ ጭን ላይ አነሣች፤ ቀዩንም እስክሪብቶ ወሰደች።

"ጠያቂ፣ ዬሮሳን ዋቁማ፣" አለች እየጻፈች። "አባዬ፣ ብሥራትን እፈልገዋለሁ። ሁለት ጊዜ የመለስካቸው ለምንድን ነው?"

አቶ ዋቁማ ስለ ጋብቻ ክብደት ተናገሩ። ስለ ዘመኑ ተናገሩ። ስለ ጎሬ ብርድም ተናገሩ። ልጃቸው አንዱንም አልጻፈችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰዎች ሲናገሩ የጻፉ ሰው፣ እየተናገሩ ያልተጻፈላቸው ያን ጊዜ ነው። ድምፃቸው ቀስ በቀስ አነሰ።

"ስሞቹን ማን ይይዝልኛል?" አሉ በመጨረሻ።

"እኔ አለሁ፣" አለ ሚፍታህ።

"አንተማ ባለፈው ስለ አባይ ሲጠየቅ አንኮራፍተሃል።"

"አባዬ፣ በስልክ እይዝልሃለሁ፤" አለች ዬሮሳን። "እኔ ጎሬ ሆኜ አያለሁ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ታያለህ። ሲናገሩ ስሙን እልክልሃለሁ። ሰዎቹ ቆመዋል። ይሁን ወይስ አይሁን?"

አቶ ዋቁማ የልጃቸውን ፊት አዩ። ምስጋናም ታሪክም አልመጣላቸውም።

"ይሁን፣" አሉ።

አንድ ቃል ነበር፤ ዬሮሳን በመልስ ዓምድ ውስጥ ጻፈችው። አቶ ዋቁማ ግን ወዲያው ጣታቸውን አነሡና "ሆኖም ግን፣ እትዬ ትብለጥን በተመለከተ..." ሲሉ፣ እትዬ ሽብሬ ከበሩ ላይ እልልታቸውን ለቀቁት። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ተቀበለቻቸው፤ ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ። አቶ ዋቁማ አፋቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አቶ ገብረ መስቀል ያልሰሟቸው መስለው ተመልሰው ገቡና፣ በቅርብ ያገኙት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።